አዳማ ላይ አንድ ዲስክ ስድስት ጊዜ ሞልቼ ስድስት ጊዜ ያጠፋሁበት ሳምንት

በአዳማ ጥር የሰርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት አንስቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ በየሰፈሩ ድንኳን ይጣላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሙሽራ መኪኖች ጡሩምባቸውን እያሰሙ ዋናውን መንገድ ይሞሉታል። እንደ እኔ በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር ሰው በእነዚህ ሳምንታት አብዝቶ የሚጠራው ወደ ፎቶ ቤቶች ነው። አንድ ሰርግ በሁለት ካሜራ ሲቀረጽ ከ300 ጊጋባይት የሚበልጥ ቪዲዮ ይወጣዋል። ቪዲዮው ተቀናብሮ ለሙሽሮቹ ከተሰጠ፣ ቅጂውም በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ዲስኩ ጸድቶ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መድረስ አለበት። ሌላው ሰው በዓመት አንዴ የሚያደርገውን ፎርማት ፎቶ ቤቶች በየሳምንቱ ያደርጉታል።

በድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ደውለው «ልጄ፣ አዲሱን ዲስክ ፎርማት ላድርግ ስል ማሽኑን ይዞት ይቀራል» አሉኝ። ዲስኩን ከገዙት ወር አልሞላውም። ቪዲዮ የሚያጠራቅሙበትን ማሽን ያቆምኩላቸው፣ ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወናም የጫንኩበት እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩ የእኔም ነበር።

ሄጄ በዓይኔ አየሁት። የፎርማት ትዕዛዙን ስሰጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጸጥታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዲስኩን የሚነካ ማንኛውም ፕሮግራም ቆመ፤ የፋይል መስኮቱ አልከፈት፣ የተከፈተውም አልዘጋ አለ። የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መዝገብ ስመለከት መጀመሪያ አንድ ትዕዛዝ በጊዜው መልስ እንዳላገኘ ይናገራል፤ ቀጥሎ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ተዘግቶ እንደገና መነሣቱን ይገልጻል፤ ከዚያም የፎርማት ፕሮግራሙ ከ120 ሰከንድ በላይ ተገትሮ መቅረቱን ያስታውቃል። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ሆነ። እትዬ ከኋላዬ ቆመው «ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?» አሉ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ፋይል ስጽፍበትና ሳነብበት ምንም እንከን አልነበረበትም። የሚታመመው ፎርማት ሲደረግ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲገባ የእትዬ ዲስክ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ እንዴት እንደሚሠራ መናገር አለብኝ። በውስጡ ያለው የማስታወሻ ዓይነት ናንድ ፍላሽ ይባላል፤ ፉጂዮ ማሱኦካ የተባሉት ጃፓናዊ መሐንዲስ በቶሺባ ኩባንያ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈለሰፉት ነው። ባሕርዩ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ እጅግ የተለየ ነው። መረጃ የሚጻፍበት ትንሹ ክፍል ገጽ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት ይይዛል። አንዴ በተጻፈ ገጽ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም፣ አስቀድሞ መደምሰስ አለበት። መደምሰስ የሚቻለው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነጥሎ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን የያዘ ሙሉ ብሎክ በአንድነት ነው። ስለዚህ ዲስኩ በሆዱ መቆጣጠሪያ የሚባል የራሱ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። እሱም የትኛው መረጃ የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ካርታ ይይዛል፤ አዲስ ሲመጣ በባዶ ቦታ ይጽፋል፤ አሮጌውን ጊዜ ሲያገኝ ያጸዳል።

ይህ ትንሽ ኮምፒውተር ግን አንድ የማያውቀው ነገር አለ። ፋይል ስንሰርዝ የሚሰረዘው በፋይል ሥርዓቱ መዝገብ ላይ ነው፤ ዲስኩ የሚያውቀው ነገር የለም። ማንም የማይፈልገውን መረጃ እንደ ውድ ዕቃ እየተሸከመ፣ ከብሎክ ወደ ብሎክ እያዛወረ ይኖራል። ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ትሪም የሚባለው ትዕዛዝ ነው፤ «ከዚህ እስከዚህ ያለው ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» የሚል መልእክት ነው። ብዙዎቹ የሊኑክስ የፎርማት ፕሮግራሞችም አዲሱን የፋይል ሥርዓት ከመዘርጋታቸው በፊት ይህንኑ መልእክት ስለ መላው ዲስክ ይልካሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ በየጊዜው ስለምጠየቅ ነው። «በስሕተት ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ ፎቶዎቹን ታወጣልኛለህ?» እያሉ የሚመጡ ሰዎች አሉ። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ተስፋ አለ፤ ፎርማቱ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ መረጃውን አይደለምና። ትሪም በተደረገበት ኤስኤስዲ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። አንድ አባት የሟች እናቱን ምስል ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እባካችሁ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቅጂ መኖሩን ከፍታችሁ እዩ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ድራይቨር ማለት በከርነሉና በዕቃው መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም የፕሮግራም ክፍል ነው። እንዲህ ላሉት ኤንቪኤምኢ ለሚባሉ ዲስኮች የሚያገለግለው የሊኑክስ ድራይቨር ለአንድ ትዕዛዝ በተለምዶ 30 ሰከንድ ይታገሣል። በ30 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ትዕዛዙ ጠፍቷል ብሎ ሊሰርዘው ይሞክራል፤ ይህም ካልሆነ መቆጣጠሪያውን ዘግቶ ያስነሣዋል። የእትዬ ዲስክ ግን አልጠፋም ነበር፤ ሥራ ላይ ነበር። ሰፊ ቦታ በአንድ ትዕዛዝ «ጣለው» ሲባል ካርታውን ሁሉ ማስተካከል ስላለበት ከ30 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ድራይቨሩ በዚህ መሐል ትዕግሥቱ አልቆ ያቋርጠዋል፤ ዲስኩ ተነሥቶ እንደገና ሲጀምር እንደገና ይቋረጣል። ሁለቱም የየራሳቸውን ሥራ በትክክል እየሠሩ ነው የሚጣሉት።

መዝገቡን አያይዤ ለድራይቨሩ ተንከባካቢዎች ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ አልሚ ማስተካከያ ላከልኝ። ከአሥር መስመር አይበልጥም። ይህን የመቆጣጠሪያ ዓይነት በመለያ ቁጥሩ ለይቶ የትሪም ትዕዛዙን በትንንሽ ቁራጭ እንዲልክለት ያደርጋል። ትልቁን ጉርሻ ከፋፍሎ ማጉረስ እንደ ማለት ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ «እኔ ዲስኩ የለኝም፣ አንተ ሞክረህ ንገረኝ» የሚል ነበር።

ይህችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። የሊኑክስ ከርነል ከ30 ሚሊዮን በላይ የኮድ መስመሮች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙው ድራይቨር ነው። ዓለም ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ አልሚ የለም። ብዙ ማስተካከያ የሚጻፈው ዕቃውን በእጁ ባልያዘ ሰው ነው፤ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ዕቃው ያለው ሰው ሲሞክረው ብቻ ነው። አልሚው ዕውቀቱን ሰጠ፤ ዲስኩ ያለው ግን አዳማ፣ እኔ ጋ ነው። እትዬ ዲስኩን ለአንድ ሳምንት ለቀቁልኝ፤ በምትኩ የራሴን ዲስክ አዋስኳቸው።

የከርነሉን ምንጭ ኮድ አወረድኩ፤ ታሽጎ እንኳ ከ130 ሜጋባይት በላይ ነው። ማስተካከያውን ከትቼ ማጠናቀር፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚያሠራው ፕሮግራም መለወጥ፣ ጀመርኩ። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ የማልጠቀምባቸውን ድራይቨሮች አስቀርቼም ቢሆን ሰዓታት ፈጀ። በመሐሉ መብራት ሄደ፤ ባትሪው ደካማ ስለሆነ ማሽኑ ጠፋ። ማጠናቀሪያው ግን ያለቀለትን ፋይል እንደገና አይነካም፤ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ቀጠለ። እየጠበቅኩ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ሳይ አመሸሁ። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ጣቢያ 34 ተርባይኖች አሉት፤ 51 ሜጋዋት ያመነጫል። አዳማ ሁለት ደግሞ 102 አሉት። ነፋሱ ያን ምሽት ብርቱ ነበር።

አሁን አደገኛው ክፍል መጣ። ይህ ሙከራ ዲስክ የሚያጠፋ ሙከራ ነው። ሊኑክስ ለኤንቪኤምኢ ዲስኮች የሚሰጠው ስም በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ዛሬ ዜሮ የተባለው ነገ ማሽኑ ሲነሣ አንድ ሊባል ይችላል። ስሙን አምኖ ትዕዛዝ የሰጠ ሰው የገዛ ሥራውን በአንድ ሰከንድ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የራሴን ዲስክ ፈትቼ አወጣሁ፤ ማሽኑን ከፍላሽ አስነሣሁ፤ የእትዬን ዲስክ ተከታታይ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩ። እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከመስጠቴ በፊት ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳክር ነበር።

አዲሱን ከርነል አስነሥቼ ዲስኩን ፎርማት አደረግኩ። በ9 ሰከንድ አለቀ። መዝገቡ ንጹሕ፣ ዲስኩ ደኅና ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወዲያውኑ ኢሜይሉን ከፍቼ «ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ልልከው ስል 9 የሚለው ቁጥር አስቆመኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ በ30 ሰከንድ እንኳ ያልጨረሰው ሥራ እንዴት በ9 ሰከንድ አለቀ? ማስተካከያው ትዕዛዙን ይከፋፍላል እንጂ ዲስኩን አያፈጥንም። ኢሜይሉን ሳልዘጋ ማሽኑን በአሮጌው ከርነል፣ በበሽተኛው፣ አስነሣሁና ያንኑ ትዕዛዝ ሰጠሁ። እሱም በ9 ሰከንድ ጨረሰ።

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ዲስኩ ባዶ ነበር። ፎቶ ቤት ውስጥ ደጋግመን ስንሞክር፣ መንገድ ላይ እየተቋረጠም ቢሆን፣ ቀስ በቀስ ሁሉንም ጥሎ ጨርሶ ነበር። ባዶ ዲስክ «ያለህን ጣል» ቢባል የሚጥለው ነገር የለውም፤ ቶሎ ይመልሳል። የፈተንኩት ማስተካከያውን አልነበረም። ምንም አልፈተንኩም። ማስተካከያው ፍጹም ስሕተት ቢሆን ኖሮ እንኳ ያው 9 ሰከንድ ይመጣ ነበር።

ይህ ነገር ያስደነገጠኝ ለከርነሉ ብቻ አይደለም። ሙያችን ውስጥ በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነው። ደንበኛ «ላፕቶፑ በራሱ ይጠፋል» ብሎ ያመጣል፤ እኛ ጋ ሲደርስ አይጠፋም። አቧራውን አራግፈን፣ ማቀዝቀዣውን ቀብተን፣ ለአንድ ሰዓት ከፍተን አይተን «ተስተካክሏል» እንለዋለን። ሲጠፋ አላየነውም፤ ስለዚህ መጥፋቱን ማቆማችንን የምናውቅበት መንገድ የለንም። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። እኔም ይህን ለዓመታት አድርጌዋለሁ፤ ገንዘብም ተቀብዬበታለሁ።

በከርነሉ ዓለም አንድ ሰው ማስተካከያ ሞክሮ መሥራቱን ሲያረጋግጥ ስሙ ከማስተካከያው ግርጌ «የፈተነው እገሌ» ተብሎ ይጻፋል። ያ መስመር ከኮዱ ጋር በታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የከርነሉ ታሪክ መስመር በመስመር ተመዝግቦ ማንም ሊያነብበው ይችላል። በእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚስማማው ቃል እማኝ ነው። ውል ላይ እማኝ ሆኖ የሚፈርም ሰው ብሩ ሲቆጠር ማየት አለበት፤ ከውጭ ሆኖ «ተቆጥሯል አሉ» ብሎ አይፈርምም። እኔ ብሩ ሲቆጠር ሳላይ ልፈርም ነበር። አልሚው እኔን አምኖ ማስተካከያውን ባስገባ፣ ያ ዲስክ ያላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ናይሮቢም ይሁኑ ሊማ፣ የእኔን ቃል ተሸክመው ይሄዱ ነበር።

ኢሜይሉን አጠፋሁት። ሙከራውን ከመጀመሪያው አሰብኩት።

በመጀመሪያ ዲስኩ መሙላት አለበት። በዜሮ ሳይሆን በዘፈቀደ በተፈጠረ መረጃ፤ አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ተደጋጋሚ መረጃን አጭቀው ስለሚያስቀምጡ በዜሮ የተሞላ ዲስክ ከልቡ የሞላ ላይሆን ይችላል። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። መጀመሪያ በፍጥነት ይጽፋል፤ ፈጣኑ ክፍሉ ሲሞላ ግን ወደ 100 ሜጋባይት በሰከንድ ይወርዳል። በዚህ ስሌት አንድ ጊዜ መሙላት 80 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቀጥሎ አሮጌውን ከርነል አስነሥቼ ፎርማት ማድረግ፣ መውደቁን ማየት። እንደገና መሙላት። አዲሱን አስነሥቶ ፎርማት ማድረግ። እንደገና መሙላት፣ ወደ አሮጌው መመለስ። አንዱን ሦስት ጊዜ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ፣ እያፈራረቅኩ። ሦስቱን አሮጌ በአንድ ቀን፣ ሦስቱን አዲስ በሌላ ቀን ባደርግ የቀኑ ሙቀት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ አዳማ በቀትር ዲስክን ያግላል፣ የጋለ ዲስክም ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ፈጀብኝ። አሮጌው ከርነል ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ፤ በሠላሳኛው ሰከንድ ያ የምናውቀው የመዝገብ መስመር ይመጣል። የመጀመሪያው ውድቀት ሲመጣ የተሰማኝን መናገር አለብኝ፤ እፎይ አልኩ። ብልሽቱ በእጄ ገባ። አዲሱ ከርነል ሦስቱንም ጊዜ አለፈ፤ በ52፣ በ49 እና በ55 ሰከንድ። ዲስኩ እንደ በፊቱ ቀርፋፋ ነው፤ ሥራው አንድ ሰከንድ አልተቀነሰለትም። ልዩነቱ በየመሐሉ «ይህን ጨርሻለሁ» የሚልበት ዕድል ማግኘቱ ነው። ድራይቨሩም መልስ ስለሚያገኝ ይታገሣል።

እዚህ ላይ አላቆምኩም። ትሪም መረጃ የሚያጠፋ ትዕዛዝ እንደመሆኑ፣ የተከፋፈለው ትዕዛዝ አንዱ ቁራጭ ድንበር ቢስትስ? እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የፍለጋ አገልግሎት ድርጅት በሰርቨሮቹ ላይ ፋይሎች በከፊል ዜሮ ሆነው አገኘ። ጥርጣሬው ሁሉ በዲስኮቹ ላይ ወደቀ፤ ብዙ ሰውም እነዚያን ዲስኮች ማውገዝ ጀመረ። የአምራቹ መሐንዲሶች ሲመረምሩ ግን ስሕተቱ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ፣ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ በሚያሠራው ክፍል ተገኘ። የትሪም ትዕዛዙ ሲከፋፈል የማይነካ ቦታ ይነካ ነበር። ያ ታሪክ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩት። በሁለተኛው ክፍልፋይ የእኔን የቆዩ የቪዲዮ ቅጂዎች አስቀመጥኩ፤ የእያንዳንዱን ፋይል የማረጋገጫ አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላና ይዘቱ ሲለወጥ የሚለወጥ ቁጥር፣ አስልቼ በወረቀትም በፍላሽም ያዝኩ። የመጀመሪያውን ክፍልፋይ ፎርማት አደረግኩና የሁለተኛውን አሻራዎች ልመረምር ስል ሌላ ወጥመድ ታየኝ። ከርነሉ በቅርቡ የተነበበ ፋይልን በራም ይይዛል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ቢጠፋ እንኳ ራም ውስጥ ያለው ደኅና ሆኖ ይነበባል። አሻራው ይገጥማል፤ ፋይሉ ግን የለም። ማሽኑን አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ እንደገና አስነሣሁና ከዲስኩ አነበብኩ። ሁሉም አሻራዎች ገጠሙ።

ከዚያ በኋላ ጻፍኩ። አንድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ማሽን ላይ መሞከሬን፤ ዲስኩ በዘፈቀደ መረጃ ሞልቶ እንደነበር፤ አሮጌው ሦስት ጊዜ መውደቁን፣ አዲሱ ሦስት ጊዜ ማለፉን፤ የጎረቤት ክፍልፋይ አለመነካቱን። ማሽኑ ተኝቶ ሲነቃ የሚሆነውን አለመሞከሬንም ጨመርኩ። ባዶ ዲስክ ላይ ሁለቱም ከርነሎች እንደሚያልፉ ለብቻው ጻፍኩ፤ ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይሳሳት። አልሚው ከሁሉ በላይ ያመሰገነኝ ለዚህች መስመር ነበር፤ በማስተካከያው ማብራሪያ ላይም አስገባት። ከግርጌው ስሜ አለ።

ዲስኩን ቅዳሜ ጠዋት መለስኩላቸው። እትዬ ቡና አቅርበው ራሳቸው ፎርማት አደረጉት፤ ሲያልቅ «በቃ?» አሉኝ፤ «በቃ» አልኳቸው። ከመሳቢያቸው ሌላ ዲስክ አወጡ፤ በሌላ ፋብሪካ የተሠራ፣ ለሁለተኛው ካሜራ የገዙት።

«ይህስ? እንዲሁ ይሆናል?»

«እሱን አልሞከርኩትም፣ እትዬ።»

«ካሁኑ ጋር አንድ አይደለም እንዴ?»

«ከሰርጉ በኋላ ሞልተው ያምጡልኝ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ሲበላሽ ልየው።»